የብርቱካን ቅጠል ላቦራቶሪ መላክ «የሀብታም ጨዋታ ነው» ላሉት

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በአዳማና በዙሪያዋ ባሉ የፍራፍሬ አልሚዎች መካከል ሲዘዋወር ከረመ። ለእኔም ደጋግሞ ደርሶኛል። ሐሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ብርቱካን፣ መንደሪንና ሎሚ የሚያለማ ሰው ለማዳበሪያ ብሎ ቅጠል ቀንጥሶ ላቦራቶሪ መላኩ የሀብታም ጨዋታ ነው። ጸሐፊው ስድስት ምክንያት ደርድረዋል። ዓይን ያለው ገበሬ ቅጠሉን አይቶ የጎደለውን ያውቃል። የአፈር ምርመራ ካለ የቅጠሉ ድግግሞሽ ነው። በዛፍ ዕድሜ የተቀመጠ የማዳበሪያ መጠን አለ። ፍግ ያለው ሰው ይሄ ሁሉ አያሻውም። መመዘኛው የአሜሪካ እንጂ የእኛ አይደለም። በመጨረሻም ውጤቱ እስኪመጣ ወቅቱ ያልፋል፣ ዋጋውም አይቀመስም።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ ተጽፏል። ጸሐፊው እርሻ ውስጥ የዋሉ ሰው መሆናቸውም ያስታውቃል። አንዳንድ ቦታ ልክ ናቸው፤ እዚያ ስደርስ አልደብቅም። ዋናው ነገር ላይ ግን አልስማማም። የቅጠል ምርመራ ትልቁ ጥቅሙ ምን እንጨምር የሚለውን መንገሩ አይመስለኝም። ምን መግዛት እንዳለብን ከሚነግረን ይልቅ ምን መግዛት ማቆም እንዳለብን ነው የሚነግረን። እሳቸው ይሄኛውን ጭራሽ አላነሱትም።

ከዓይኑ እንጀምር። «ቅጠሉ ቢጫ ካለ ናይትሮጅን አንሶታል፣ ዩሪያ ስጠው» ብለዋል። ቢጫ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ናይትሮጅን ያነሰው ዛፍ መጀመሪያ የሚገረጣው አሮጌ ቅጠሉ ነው። የሚገረጣውም ጅማቱ ሳይቀር ነው። ዛፉ ሲያጥረው ከአሮጌው ላይ እየነቀለ ለለጋው ስለሚልክ ነው እንዲህ የሚሆነው። ማግኒዚየም ሲያንስም ምልክቱ አሮጌው ቅጠል ላይ ይወጣል። እዚያ ግን ጠርዝ ጠርዙ ቢጫ ይሆንና ቅጠሉ ከአንጓው በሚያያዝበት በኩል ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው አረንጓዴ ይቀራል። ብረት፣ ዚንክና ማንጋኒዝ ደግሞ አንዴ ከገቡበት ቅጠል እንደልብ አይነቃነቁም። ስለዚህ የሚራበው ለጋው ነው።

እስቲ ከጫፍ አካባቢ አንድ ለጋ ቅጠል ቀንጥሳችሁ ወደ ፀሐይ ያዙት። ቅጠሉ በሙሉ ወይቦ ቀጫጭን ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ሆነው ከታዩ ብረት ነው። ቅጠሉ ከወትሮው አንሶ፣ ጠብቦ፣ ሽቅብ ቆሞ፣ በጅማቶቹ መሀል ደማቅ ቢጫ ጣል ጣል ካለበት ዚንክ ነው። መጠኑ ደህና ሆኖ በጅማቶቹ ግራና ቀኝ ሰፋ ያለ አረንጓዴ መስመር ካለ፣ መሀሉም ፈዘዝ ካለ ማንጋኒዝ ነው። እስከዚህ ድረስ ዓይን ይሠራል። ጸሐፊው ትክክል ሊመስሉ ይችላሉ።

የአዳማ ጣጣ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በስምጥ ሸለቆው በብዙ ቦታ የአፈሩ ፒኤች (የኮምጣጣነቱ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል) ከ7.5 ይዘላል፤ ኖራም አለው። እንዲህ ያለ አፈር ብረትን፣ ዚንክንና ማንጋኒዝን አንድ ላይ ነው የሚያስራቸው። ሦስቱ በአንድ ዛፍ፣ አንዳንዴም በአንድ ቅጠል ላይ ሲደራረቡ ምልክቶቹ ይምታታሉ። እዚህ ላይ የሠላሳ ዓመት ልምድ ያለውም ሰው ይገምታል እንጂ አያውቅም። ሥሩ የበሰበሰ ዛፍም ይወይባል። ውሃ የበዛበትም ይወይባል። ግንዱ ሙጫ የሚያለቅሰውም ይወይባል። ግሪኒንግ የሚባለው በሽታ ያዘውም ቢሆን ቅጠሉ ይዥጎረጎራል፤ የእሱ ዝጉርጉር የቅጠሉ ግራና ቀኝ የማይመሳሰል በመሆኑ ይለያል፤ ያንን ልብ የሚል ግን ጥቂት ነው።

ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ የማውቀው አንድ እርሻ ላይ የሆነው ይሄ ነው። ለጋው ቅጠል ቢጫ ወጣ፣ ዩሪያ ተሰጠው። ዛፉ ዩሪያውን አግኝቶ ሌላ ለጋ አወጣ፤ ያም ቢጫ ሆነ። ዩሪያ ተጨመረ። ባለቤቱ የሚያዩት ነገር ግምታቸውን ያጠናከረላቸው መሰላቸው፤ በርግጥም «ገና አልጠገበም» ያሰኛል። ኋላ ቅጠሉ ሲመረመር ናይትሮጅኑ ሞልቶ ተገኘ። ከዝቅተኛው መስመር በታች የወረዱት ዚንክና ማንጋኒዝ ነበሩ። ዩሪያው እድገት እየገፋ ያለችውን ትንሽ ዚንክ በብዙ ቅጠል ላይ ይበትናት ነበር። የጠፋው የዩሪያ ብር ብቻ አይደለም።

ዓይን ፈጽሞ የማያየው ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ ትርፍ። ናይትሮጅን ከሚገባው በላይ የወሰደ የብርቱካን ዛፍ ቁጭ ብለህ እየው የሚያሰኝ ነው። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሰፊ፣ የሚያብረቀርቅ። ጎረቤት ያደንቃል። ፍሬው ግን ልጣጩ ይወፍራል፤ ቀለሙም ቶሎ አይዞርም። አትክልት ተራ የሚመጣ ነጋዴ «ገና ጥሬ ነው» ብሎ ዋጋ የሚሰብርበት ብርቱካን አንዳንዴ የጠገበ ዛፍ ፍሬ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ በሚሠራበት መመዘኛ የቅጠል ናይትሮጅን ከ2.5 እስከ 2.7 በመቶ ሲሆን ደህና ነው፤ ከ3 በመቶ ሲያልፍ ትርፍ ነው። 2.6 እና 3.1ን በዓይን የሚለይ ሰው እኔ አላጋጠመኝም።

ሁለተኛው፣ የአፈር ምርመራ ይበቃል የሚለው። ጎተራ ውስጥ ያለ እህልና ሆድ የገባ እንጀራ አንድ አይደሉም። የአፈር ላቦራቶሪ በኬሚካል ያጠበውን ይቆጥራል፤ ቅጠሉ ሥሩ የሳበውን ያሳያል። በእኛ አፈር ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። ፒኤች በአንድ ቁጥር ከፍ ባለ ጊዜ በአፈር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ዚንክ ወደ መቶ እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። ዚንክ አለ፣ ለዛፉ ግን የለም። ናይትሮጅንም ቢሆን ከመስኖ ጋር ወደታች ስለሚወርድ ዛሬ የተለካው አፈር ከሁለት ውሃ በኋላ ሌላ አፈር ነው።

ደግሞ በአንድ ማሳ፣ በአንድ አፈር ላይ የቆሙ ሁለት ዛፎች ሊለያዩ ይችላሉ። ዋናው ምክንያት ችግኙ የተዳቀለበት የታችኛው ግንድ ነው። ኮምጣጣ ብርቱካን ላይ የተዳቀለው ኖራማ አፈርን በተሻለ ይችላል፤ ትራይፎሊዬት በሚባለው ላይ የተዳቀለው በዚያው አፈር ብረት አጥቶ ይወይባል። የአፈር ወረቀቱ ለሁለቱም አንድ ነው። ልዩነቱን የሚናገረው ቅጠሉ ነው።

የአፈር ምርመራ ይቅር ማለቴ ግን አይደለም። ቅጠል ፒኤች አይነግራችሁም፤ ኖራም አይነግራችሁም። ጨዋማነትንም ዛፉ ከተጎዳ በኋላ በክሎራይድና በሶዲየም ነው የሚያሳየው። ብርቱካን ደግሞ ጨው ከማይችሉት ወገን ነው፤ የአፈሩ ጨዋማነት በሜትር 1.7 ዴሲሲመንስ (የጨዋማነት መለኪያ ነው) ገደማ ካለፈ ምርቱ መውረድ ይጀምራል። ከጉድጓድ ውሃ የሚያጠጣ ሰው አፈሩንና ውሃውን ሳያስመረምር ስለ ማዳበሪያ ባያወራ ይሻላል። ጸሐፊው አንዱን በአንዱ ተኩ ማለታቸው ነው ስህተቱ። አፈሩን ቢያንስ ሲተከልና ከዚያ አልፎ አልፎ፣ ቅጠሉን ግን ዛፉ ፍሬ መያዝ ከጀመረ በኋላ በየጊዜው ነው።

ሦስተኛው «በዛፍ ዕድሜ የተቀመጠ መጠን አለ» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ፍሬ ላልያዘ ችግኝ የቅጠል ምርመራ ትርፍ ነው። በዕድሜው እየከፋፈሉ መስጠት ይበቃዋል። ፍሬ ከመጣ በኋላ ግን ዕድሜ ብቻውን ምንም አይናገርም። ከአንድ ቶን ብርቱካን ጋር ከ1 እስከ 2 ኪሎ የሚሆን ናይትሮጅን ከማሳው ይወጣል፤ ፖታሲየሙ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪሰበር የተሸከመውና ዘንድሮ ያረፈው ዛፍ ዕድሜያቸው እኩል ስለሆነ እኩል ይሰጣቸው?

የሚሰጠው ማዳበሪያስ ምንድን ነው? ለዓመታት በብዙ ሰው እጅ የቆየው ዩሪያና ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ) ነው። ኤንፒኤስ ከረጢት ላይ 19፣ 38፣ 7 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። 38 የሚለው ፎስፎረስን ከኦክስጅን ጋር አድርጎ የሚቆጥር ነው። ንጹሁን ስናሰላው ከመቶ ኪሎው ወደ 16.5 ኪሎ ነው የሚሆነው። እንግዲህ በከረጢቱ ውስጥ ናይትሮጅን 19፣ ፎስፎረስ 16.5፤ እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው። ጤነኛ የብርቱካን ቅጠልን እዩት፦ ናይትሮጅኑ ከ2.5 እስከ 2.7 በመቶ፣ ፎስፎረሱ ከ0.12 እስከ 0.16 በመቶ። ከ15 እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። ከረጢቱ የተሰናዳው ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ ታስቦ ነው፤ ብርቱካን ታስቦ አይደለም። ፖታሲየምማ ጭራሽ የለበትም።

«ኖራማ አፈር ፎስፎረስን ስለሚያስር አብዝቶ መስጠት ያስፈልጋል» የሚለኝ ይኖራል። ሊሆን ይችላል። የታሰረው ምን ያህሉ እንደሆነ የሚያሳየን ግን የቅጠሉ ቁጥር ነው። ፎስፎረሱ 0.16ን አልፎ ከተገኘ፣ ያ ሰው ለዓመታት ኤንፒኤስ የጫነበትን መኪና ኪራይ ጭምር እየከፈለ የማያስፈልገውን ሲያስገባ ኖሯል ማለት ነው። የበዛ ፎስፎረስ ዚንክ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ያኔ ቅጠሉ ይወይባል፣ ሰውየውም ተጨማሪ ማዳበሪያ ይገዛል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉታል ይሄን። ፖታሲየምም እንዲሁ በግምት የሚሆን አይደለም። ሲያንስ ፍሬው ያንሳል፣ ልጣጩ ይሳሳል። ሲበዛ ፍሬው ይገዝፍና ልጣጩ ይሻክራል፤ ማግኒዚየምንም ይጋፋል። የእሳተ ገሞራ አፈራችን ብዙ ቦታ በፖታሲየም ደህና ስለሆነ «ብርቱካን ፖታሽ (የፖታሲየም ማዳበሪያ) ይወዳል» ተብሎ ብቻ መግዛት መቸኮል ነው።

ፍጉን በአጭሩ። አዳማ ዙሪያ የከብት ማድለቢያ ስላለ ፍግ አይቸግርም፣ ጥሩም ነገር ነው። አፈሩን ያለሰልሳል፣ ውሃ ይይዛል። ግን ከየትኛው በረት እንደመጣ፣ ከብቱ ምን እንደበላ፣ ስንት ወር ፀሐይ ላይ እንደቆየ ይዘቱ ይለያያል። የማድለቢያ ፍግ ጨውም ይዞ ይመጣል። ፍግ የሚጠቀም ሰው ምን ያህል ንጥረ ነገር እንደሰጠ ስለማያውቅ ምርመራው ከሌላው ይልቅ ለእሱ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥባቸው ልምጣ። «መመዘኛው የፍሎሪዳና የካሊፎርኒያ ነው፤ ለአዳማ ብርቱካን ምን አገባው?» ብለዋል። ይሄ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ነው፤ መልሱም በአንድ ቃል አያልቅም። ሁለቱ መመዘኛዎች ጎን ለጎን ሲታዩ በናይትሮጅን ሊገናኙ ምንም አይቀራቸውም፤ የካሊፎርኒያው ከ2.4 እስከ 2.6 በመቶ ነው። በፖታሲየም ግን ይራራቃሉ። ፍሎሪዳ ከ1.2 እስከ 1.7 በመቶ ይላል፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ0.7 እስከ 1.1 አካባቢ ይበቃል ይላል። ስለዚህ ጸሐፊው «ቁጥር ዝም ብሎ አይቀዳም» ማለታቸው ልክ ነው። በናይትሮጅን በኩል ብዙም አልጨነቅም። የፖታሲየሙን ግን በጥንቃቄ ነው የማነብበው።

ከቁጥሩ ይልቅ ግን የሚያሳስተው የቅጠሉ ምርጫ ነው። የፍሎሪዳው ቁጥር የሚሠራው ከ4 እስከ 6 ወር ለሆነው፣ ከአበባው ጋር አብሮ ለወጣው፣ ፍሬ ከሌለው ቅርንጫፍ ለተወሰደ ቅጠል ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ቅጠሉን የሚወስዱት ፍሬ ካለበት ቅርንጫፍ ነው፤ ሰንጠረዣቸውም ለዚያ የተሠራ ነው። ቅጠል ሲያረጅ ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም ይቀንሳሉ፤ ካልሲየም ይጨምራል። የ2 ወር ቅጠል ልካችሁ በ5 ወር ቅጠል ሰንጠረዥ ካነበባችሁ «ሞልቷል» ይላችኋል፤ የዓመት ቅጠል ከላካችሁ «ተርቧል» ይላችኋል። ዛፉ ያው ዛፍ ነው። ብዙ ሰው «ምርመራው አይሠራም» የሚለው እዚህ ላይ ተሳስቶ ነው።

ፍሎሪዳዎች ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቀንጥሱ የሚሉት ዋናው ቅጠላቸው ከብርዱ ወቅታቸው መውጫ ጀምሮ ስለሚወጣ ነው። እኛ ጋ በመስኖ የሚለማ ብርቱካን በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ለጋ ያወጣል። ሰኔ ላይ ስትሄዱ የ5 ወሩም፣ የ2 ወሩም፣ ያለፈው ዓመቱም በአንድ ዛፍ ላይ ተቀላቅለው ታገኟቸዋላችሁ። መላው ቀላል ነው። አበባው ሲመጣ አብሮ የወጣው አዲስ ቅርንጫፍ ላይ ባለቀለም ክር እሰሩበት። የካቲት ላይ ከታሰረ ሐምሌ ላይ 5 ወር ሞላው። ያን ጊዜ ክር ያለበትን ብቻ ትቀነጥሳላችሁ። የውጭ ካላንደር አያስፈልግም።

ከዚህም የሚሻል አለ። የራሳችሁን ጥሩ ዛፍ መመዘኛ አድርጉት። ከሚያምሩትና ከሚያስቸግሩት ዛፎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ዕድሜ ያለ ቅጠል ለይታችሁ ሁለት ናሙና ላኩ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጉ። የሚለያየው ንጥረ ነገር የቱ ነው? ለዚህ ፍሎሪዳን ማንም አይጠይቃትም።

በብረት ጉዳይ ግን ለጸሐፊው እጄን እሰጣለሁ። የቅጠል ምርመራ ብረት ላይ ደካማ ነው። የተራበ ቅጠል ውስጥም ብረት ሊገኝ ይችላል፤ ቅጠሉ ሊሠራበት በሚችል መልኩ አይደለም እንጂ። በዚያ ላይ አዳማን የሚያውቅ አቧራዋን ያውቃል። አቧራ ብረት አለው፤ ሳይታጠብ የሄደ ቅጠል «ብረት ሞልቶኛል» ብሎ ይመጣል። ለብረት የለጋውን ቅጠል መልክ አምናለሁ፤ እዚህ ላይ ዓይን ከላቦራቶሪ ይሻላል። ለመግዛት ስትነሱ ግን ጣሳው ላይ ያለውን አንብቡ። ኢዲቲኤ የሚለው የብረት ዓይነት ኖራማ አፈር ላይ ሲገባ ቶሎ ይበላሻል። ከፍ ባለ ፒኤች የሚጸናው ኢዲዲኤችኤ የሚለው ነው። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ካላችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

የመጨረሻው ጊዜና ዋጋ ነው። «ውጤቱ ሲመጣ ወቅቱ አልፏል» የሚለው ለጤፍ እውነት ነው። ብርቱካን ግን ነገም እዚያው ነው የሚቆመው። በግንዱ፣ በሥሩና በቅጠሉ ያጠራቀመውን ይዞ ነው ለጋ የሚያወጣው። ሐምሌ ላይ የተቀነጠሰ ቅጠል የሚያገለግለው ለሚቀጥለው ዙር ዕቅድ ነው። ውጤቱ ለሳምንታት ቢዘገይም የሚጠፋ ነገር የለም። አስቸኳይ ከሆነም መንገድ አለ። ዚንክና ማንጋኒዝ በሚቀጥለው ለጋ ላይ፣ ቅጠሉ የሙሉ መጠኑን ሁለት ሦስተኛ ሲደርስ ሊረጭ ይችላል። ዩሪያም በቅጠል ይረጫል፤ ግን ቢዩሬት የሚባለው ነገር ያነሰበት ዓይነት መሆን አለበት። ብርቱካን ቢዩሬት አይወድም፤ የቅጠሉ ጫፍ ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ጸሐፊው የላቦራቶሪውን ክፍያ ብቻውን አስቀምጠው «ውድ ነው» አሉ። ከምን ጋር ሲተያይ? አንድ ናሙና ለአንድ ዛፍ አይደለም። አፈሩ፣ ዝርያውና ዕድሜው አንድ የሆነ ማሳ ሙሉውን በአንድ ናሙና ይወከላል፤ ከ20 ያህል ዛፎች ወደ 100 ቅጠል። ክፍያውን ለዚያ ማሳ በዓመት ከሚገባው ዩሪያና ኤንፒኤስ ጎን አስቀምጡት። ጓሮው ውስጥ አምስት ዛፍ ላለው ሰው አላዋጣም ካሉኝ እስማማለሁ። ለአንድ ሄክታር ባለቤት ግን ስሌቱ ሌላ ነው። በየዓመቱ ካልተቻለ በየሁለት ዓመቱ ይሁን። ጎረቤታሞች ናሙናቸውን ለየብቻ አሽገው በአንድ መኪና ቢልኩት ደግሞ ትራንስፖርቱ ይቀላል። ብቻ ቅጠላችሁን እንዳትቀላቅሉት።

አላላኩ ላይ የሚበላሸው ነገር ብዙ ስለሆነ ይሄን ጨምሬ ልለፍ። ዚንክ፣ መዳብ ወይም የፈንገስ መድኃኒት የተረጨበት ቅጠል ለእነዚያ ንጥረ ነገሮች አይታመንም፤ መድኃኒቱ ራሱ ይቆጠራል። በሽታ ወይም ትል የነካውን ተዉት። ጠዋት ቀንጥሳችሁ በዚያው ቀን ለስለስ ባለ ሳሙና በፍጥነት አሻሽታችሁ፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት፤ ዘፍዝፋችሁ አትተዉት። ፌስታል ውስጥ ከታሸገ ይሞቅና ይበሰብሳል፤ የወረቀት ከረጢት ይሻላል። ከረጢቱ ላይ የማሳውን ስም፣ ዝርያውን፣ የተዳቀለበትን ግንድ ካወቃችሁ እሱን፣ የቅጠሉን ዕድሜ፣ ፍሬ ካለበት ወይስ ከሌለበት ቅርንጫፍ እንደተወሰደ ጻፉ። ከመላካችሁ በፊት ላቦራቶሪው የተክል ቅጠል ይመረምር እንደሆነ፣ ዚንክና ማንጋኒዝም ይጨምር እንደሆነ በስልክ ጠይቁ። ወረቀቱን ሲሰጧችሁም መመዘኛው ለየትኛው ቅጠል የተሠራ እንደሆነ ጠይቁ። መልስ ካላገኛችሁ «ዝቅተኛ»፣ «ከፍተኛ» የሚለውን ትታችሁ ቁጥሩን ብቻ ያዙ፤ ለከርሞው ናሙና ማነጻጸሪያ ይሆናችኋል።